የእናት ክፍል የኔ ነበር

የአውራጃው የኪነት ቡድን ሐይቅ ላይ ሰው ይመለምላል ሲባል የሄድኩት ዘፋኝ ልሆን ነው። አምባሰል እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። አዘጋጁ ጋሽ ተፈራ አዳመጠኝና ክራር መቺውን በእጁ አስቆመው።

«ዘይነባ፣ ድምፅሽ ሻካራ ነው። ለዘፈን አይሆንም» አለኝ።

ነጠላዬን ሰብስቤ ልወጣ ስል፣ «ወዴት ነው? ለተውኔቱ እናት ይሆናል እኮ» አለ።

የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዚያው ቀን ፀጉሬ ላይ ዱቄት ነሰነሱብኝ። ግንባሬንና የአፌን ዳር በከሰል አሰመሩት። እንድጎብጥ ብለው ከልብሴ ሥር የተጠቀለለ ጆንያ አሰሩብኝ። ልጄ ሆኖ የሚጫወተው ሰይድ በዕድሜ ይበልጠኝ ነበር። «እናቴ!» ብሎ ሲጠራኝ ሳቄ አመለጠኝ። ሌሎቹም ሳቁ። ጋሽ ተፈራ ብቻ አልሳቀም።

«እናት ልጇ ሲጠራት መጀመሪያ ዞር ትላለች። ምን ሆነ ብላ ነው የምትዞረው። እንደገና!»

ስንዞርና ስንጠራራ ዋልን።

በቡድኑ ውስጥ ደረጃ ነበር። ድምፃውያኑ ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ይቀመጣሉ። እኛ ተዋናዮች ከከበሮው፣ ከጄኔሬተሩና ከመጋረጃው ጋር ከኋላ እንጫናለን። ማይክሮፎኑም አንድ ስለነበር የዘፋኞቹ ነው፤ ተዋናይ የሚሠራው በጉሮሮው ነው። መድረካችን ብዙ ጊዜ ያው የመጣንበት መኪና ነበር፤ የጎኑ መከለያ፣ ስፖንዳው፣ ሲወርድ መድረክ ይሆናል። ከብት ተራ አጠገብ ቆሞ የገበያን ጫጫታ ማለፍ ቀላል አይደለም። እዚያ ላይ ሻካራ ድምፄ ጠቀመኝ።

ተውኔታችን ልጇን መርቃ ወደ ጦር ሜዳ ስለምትሸኝ እናት ነበር፤ መጨረሻው ላይ ታለቅሳለች። ማልቀስ ግን አልሆነልኝም። እኔ ስጮህ ሰው ይስቃል። ጋሽ ተፈራ «ሄደሽ እይ» አለኝ። ስለዚህ ልቅሶ ቤት መሄድ ጀመርኩ። የማላውቃቸው ሰዎች ልቅሶ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም ቤት ገብቼ ከሴቶቹ ኋላ እቀመጣለሁ። ማን ነሽ ያለኝ የለም፤ ልቅሶ የመጣ ሰው አይጠየቅም። እዚያ የእናቶችን እጅ አየሁ። ልጅ የሞተባት ሴት ሁልጊዜ አታለቅስም። መቀነቷን ትፈታለች፣ መልሳ ታስራለች፣ አሁንም ትፈታለች። አልጠብቅ ይላታል። ይህን መድረክ ላይ አመጣሁት። ከዚያ ወዲህ የሳቀብኝ የለም።

ስሜ እየተረሳ ሄደ። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ የሚያየኝ ሁሉ «እናት ዓለም» ይለኛል። ገበያ ላይ ያለቀሱልኝ ሴቶች ግን ቤታቸው አይጠሩኝም። ለእነሱ መድረክ ላይ የምትቆም ሴት አዝማሪ ናት። አባቴም «ለእኔ ሞታለች» ማለቱን ከአገር የመጣ ሰው ነገረኝ። ሊያገባኝ የፈለገ አንድ ሰው ነበር። ፀጉሬን ታጥቤ፣ ለብሼ አምሬ ብሄድም፣ «አሮጊቷ ትመጣብኛለች፤ ልለምደው አልቻልኩም» ብሎ ተወኝ።

የተከራየኋት ክፍል ከሐይቁ በላይ ነበረች። ከሥራ ስገባ የሚያናግረኝ አልነበረም። ቃለ ተውኔቴን ለግድግዳው እለዋለሁ። የሰይድንም ቃል እኔው እመልሳለሁ። ከልምምድ ውጭ ከልቡ የሚያጫውተኝ ሰው ሰይድ ብቻ ነበር። ስለ ራሱ እናት ያወራኛል፤ ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ መንደር ነው የምትኖረው።

ልጆችን ለጦር ግንባር የሚለቅመው አፈሳ የመጣው በአንድ የልምምድ ቀን ነው። የኪነት አባል አይነካም ይባል ነበር። ሰይድ ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ፤ ሳይመለስ ቀረ። ጋሽ ተፈራ ቢሮ ለቢሮ ሲሮጥ ዋለ። «ተዋናይ ይተካል» ብለው መለሱት።

በማግስቱ የታፈሱትን ልጆች መኪና ላይ ሲጭኗቸው ሄድኩ። ብዙ እናቶች ነበሩ። የሰይድ እናት አልነበረችም፤ ወሬው ገና አልደረሳትም። ሰይድ ከመኪናው ላይ አየኝና በመድረክ ድምፁ ተጣራ፦

«እናቴ፣ መርቂኝ!»

የሚያውቁን ልጆች ሳቁ። አፌ ላይ የመጣልኝ የተውኔቱ ምርቃት ብቻ ነበር። እሱኑ አልኩት። የሚስቅ ሰው አልነበረም። መኪናው ወደ ደሴ ሄደ።

ሌላ ልጅ ተተካልኝ። ትንሽ ቆይቶ አዲስ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ መጣና ልምምዳችንን አይቶ መጨረሻውን ለወጠው።

«እናት ስታዝን አትታይም። እልል ብላ ነው የምትሸኘው» አለ።

«ጓድ፣ ተመልካቹ እኮ ገበሬ ነው። ልጁ የሄደበት ብዙ ነው» አለ ጋሽ ተፈራ።

«እልልታው የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።»

በአዲሱ መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫወትነው ውጫሌ ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ሰዉ እህሉን እያሰረ፣ አህያውን እየጎተተ መኪናውን ከበበው። ከፊት የሰይድ እናት እማማ ፋጡማ ቆማለች። ልጇን ለማየት ሁልጊዜ ትመጣ ስለነበር አውቃታለሁ። አሁን ልጇ እንደሌለ እያወቀች መጥታለች።

አዲሱ ልጄ ተንበርክኮ «እናቴ፣ መርቂኝ» አለ። መረቅሁት። ከበሮ መቺው እልልታዬን ተከትሎ ሊመታ እጁን አንስቶ ይጠብቃል። አፌን ከፈትኩ። እማማ ፋጡማን አየኋት። እጇ መቀነቷ ላይ ነበር። ድምፅ አልወጣኝም። የራሴን መቀነት ፈታሁ፣ አሰርኩ፣ ፈታሁ። ከበሮ መቺው እጁን እንዳነሳ ቀረ። በመጨረሻ ጋሽ ተፈራ መጋረጃውን ሳበው። አንድም ሰው አላጨበጨበም።

ኃላፊው ከመጋረጃው ጀርባ መጣ።

«እልልታው የት ሄደ?»

«አልወጣም፣ ጓድ።»

«ረስተሽው ነው?»

ጋሽ ተፈራ ከጀርባው ቆሞ አዎ በዪ ብሎ በዓይኑ ለመነኝ።

«አልረሳሁም። አልወጣም» አልኩ።

«እንግዲያው አንቺም ሁለተኛ መድረክ አትወጪም» አለና ሄደ።

ከመኪናው ኋላ ተቀምጬ ከሰሉን ከፊቴ ሳጥብ እማማ ፋጡማ መጣች። ግማሹን ታጥቤ ግማሹ ቀርቶኛል።

«አንቺ ነሽ የሸኘሽው አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

«እናቴ ሲልሽ ስሰማ ወላሂ እቀናብሽ ነበር።» ጎኔ ተቀመጠች። «ምን ብለሽ መረቅሽው?»

«የተውኔቱን ቃል ነው ያልኩት። ሌላ ቃል አልነበረኝም።»

«እሱን በዪልኝ።»

አልኳት። ጩኸት አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ሥራ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የተናገርኩት ያኔ ብቻ ነው።

«ሂድ፣ ልጄ። መንገዱ ይቅናህ።»

«አሚን» አለች።

«እግርህን እንቅፋት አይንካው።»

«አሚን።»

«የሚያይህ ዓይን የእናት ዓይን ይሁን።»

እዚህ ላይ በአሚን ፈንታ እጄን ያዘች። «አላህ ይስጥሽ። ሳይመረቅ ሄደ ብዬ ነበር የምቃጠለው» አለችና ወደ እህሏ ተመለሰች።

ሰይድ አልመጣም። ሞተ የሚልም አልመጣም። እኔ ቡድኑ እስኪበተን ድረስ ልብስ ስተኩስና መጋረጃ ስሰፋ ቆየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሐይቅ ላይ ዓሣ ሸጥኩ። መድረክ ግን አልወጣሁም። ጋሽ ተፈራም አልተቆጣኝም፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ውጫሌ አንስቶብኝ አያውቅም።

አሁን ትያትር የሚለማመዱ ልጆች አልፎ አልፎ እየመጡ ሥራውን ይጠይቁኛል። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የምትጫወቱት ነገር በእውነት የደረሰበት ሰው ከተመልካቹ መሀል አይጠፋም። ለእሱ ተጫወቱ።