ሦስት ጊዜ የተሸከምኩት ድንጋይ

አባቴ ጭሮ ገበያ አጠገብ ባለው የጨርቅ ሱቃቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ደንበኛን ሳይመርቁ የማይሸኙ ሰው ነበሩ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። አብሬያቸው ስሠራ ቆይቼ ቦኬ ሄጄ የራሴን ሱቅ ልከፍት መሆኔን ስነግራቸው መቀሱን ወረወሩብኝና ሰው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለህም» አሉኝ። ከአፋቸው ክፉ ቃል ሲወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ባሰባቸው። ደንበኛ መስደብ ጀመሩ። ለቅሶ ቤት ገብተው ሳቁ። እናቴ ታማ ስትተኛ አንዴ እንኳ «እንዴት አደርሽ» አላሏትም። ከተማው ምክንያት አላጣም፤ «ልጁ ነው ያቃጠላቸው» ተባለ። እኔም አመንኩ።

ስለዚህ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ሽማግሌ ይዤ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። «ይቅር ብዬሃለሁ» እስኪሉ ድረስ ድንጋዩ ከጫንቃ አይወርድም። አባቴ ዳቦ እየበሉ ነበር፤ ቀና ብለው አዩኝና መብላታቸውን ቀጠሉ። በሁለተኛው ጊዜ ሳቁብኝ። በሦስተኛው ትተውን ወደ ጓሮ ወጡ። ሽማግሌዎቹ «ልባቸው ደንድኗል፤ እግዜር ያራራው» ብለው ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ሙስሊሙ ጎረቤታችን፣ ድንጋዩን እያወረዱልኝ «ወላሂ ልጄ፣ ይሄ ቂም አይደለም። ቂም የያዘ ሰው ሲያይህ ይቆጣል» አሉኝ። ምን ዋጋ አለው፣ አልሰማኋቸውም።

አዲስ አበባ የወሰድናቸው ቃል እየጠፋቸው፣ መንገድ ላይ መውደቅ ሲጀምሩ ነው። ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ምስል አይቶ፣ ፀባይንና ርኅራኄን የሚመራው የአንጎላቸው ክፍል እየኮሰመነ ነው አለን። ብዙ ሰው ላይ የማይታይ፣ መድኃኒት የሌለው፣ ሲጀምር የአእምሮ ሕመም ወይም ክፉ ፀባይ የሚመስል በሽታ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኩት።

«ዓመታት ሳያስቆጥር አይቀርም።»

ከተጣላን ቀን ጀምሮ ነበር? እሱን ሐኪሙም አያውቅም። ማንም አያውቅም።

አሁን አባቴ አይናገሩም። ስጠራቸው ዞር አይሉም። ሚስቴ ልታጽናናኝ «በሽታው እንጂ እሳቸው አይደሉም የካዱህ፤ ደስ ሊልህ ይገባል» ትለኛለች። አንድ ያልነገርኳት ነገር አለ። ያን ቀን ከሱቁ የወጣሁት «እርስዎም አባቴ አይደሉም» ብያቸው ነው። እሳቸው ታመው ይሆናል። እኔ ግን ጤነኛ ነበርኩ።