መንኮራኩር ያልሳልኩላት ባቡር

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ደሴ ውስጥ፣ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቀን ሰሞን ነው። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ሳለ በሌላ ሰው ላይ ስለጮኽኩ ነው።

የሳይንስ መምህር ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። ደሴ በተመደብኩበት ዓመት ስለ እንፋሎት ኃይል ሳስተምር «ባቡር በዓይኑ ያየ እጁን ያውጣ» አልኩ። ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ደስ አለኝና ሳልመረምር አለፍኩት።

ያኔ የማስተማሪያ ዕቃ የማስቀምጥባትና ተማሪዎቼ ሙከራ የሚሠሩባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ርእሰ መምህራችን ግን ለቀበሌው ሱቅ መጋዘን ሊሰጧት አሰቡ። ብለምናቸው፣ «በወላጆች ቀን ሰው የሚያየው ነገር ሥራና አሳየኝ። ካልሆነ ሰኞ ቁልፉን ታስረክባለህ» አሉኝ።

እንግዶችን አሳፍራ ግቢውን የምታቋርጥ ትንሽ የእንፋሎት ባቡር ለመሥራት ወሰንኩ። ከተማሪዎቼ ጋር አንጎላሬ የሚባለውን ባለማዕዘን ብረት ሹሉን ወደላይ አድርገን በባሕር ዛፍ ግንዲላዎች ላይ መታነው። ሠላሳ እርምጃ የሚሆን ሐዲድ ወጣልን።

ለሞተሩ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ፣ ወፍጮም የመኪና ሞተርም የሚጠግኑ ባለሙያ አሉ። የውሃ ማፍያውን፣ ፒስተኑን፣ ትርፍ እንፋሎት የሚያስተነፍሰውን ክዳን ሁሉ ከነልኩ ሥዬ ሰጠኋቸው። መንኮራኩሮቹን ግን አልሳልኩም፤ ባቡር መንኮራኩር እንዳለው የማያውቅ አለ ብዬ አላሰብኩም። «ትንሽ ባቡር ትሁንልኝ» ብያቸው ተመለስኩ።

የወላጆች ቀን ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ላመጣት ሄድኩ።

«አብሽር መምህር፣ ባቡርህ ደርሳለች» አሉኝ ጋሽ ሰይድ። እሳቱን አነደዱ። ፒስተኑ ተንቀሳቀሰ፣ ቀበቶው ዞረ። ከዚያ እፍኝ ማሽላ ከላይ ጨመሩባት። ከታች ዱቄት ወጣ። በመዳፋቸው ተቀብለው ወደ እኔ ዘረጉት።

«ቅመሰው። ልሟል።»

ላስረዳ። ለድሬዳዋ ልጅ ባቡር ማለት በሐዲድ ላይ የሚሄደው ነው። በወሎ ገጠር ግን ባቡር ማለት የእህል ወፍጮ ነው። ተማሪዎቼም ያን ቀን እጃቸውን ያወጡት ለወፍጮ ኖሯል።

«ጋሽ ሰይድ፣ ይሄ የት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«የት ይሄዳል? ባቡር እተተከለበት ነው። ሰው ነው ወደሱ የሚሄድ።»

«ጉድ ሠሩኝ እኮ፤ በሐዲድ የሚሄድ ነው ያዘዝኩት» ብዬ ጮኽኩ። በጎረቤት የሚሠሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ጋሽ ሰይድ ሥዕሌን መሬት ላይ ዘርግተው ጣታቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬዱበት። «ጎማው የታል? እስቲ አሳየኝ።»

ሥዕሉን አገላበጥኩት፤ ጎማ አልሳልኩበትም።

«ምድር ባቡር ብትል ምን ነበረበት? አንዲት ቃል እኮ ነች» አሉኝ።

ኮቴን አወለቅኩ። «እስከ ነገ ከሰዓት ጎማ እናብጅላት» አልኩ። ትክ ብለው አዩኝ።

«ወላሂ ደረቅ ነህ። በል ያን መፍቻ አቀብለኝ።»

የወፍጮ ድንጋዮቹን አወረድን። ጋሽ ሰይድ ከጓሯቸው አራት የአሮጌ ወፍጮ ፑሊዎች አወጡ። ፑሊ ቀበቶ የሚገባበት ቦይ ዙሪያውን አለው፤ ያ ቦይ የአንጎላሬውን ሹል ልክክ አድርጎ ያዘ። ኃይሉን በብስክሌት ካቴና ወደ መንኮራኩሮቹ አስተላለፍን። ዓርብ ከሰዓት በጭነት መኪና ወደ ደሴ ስንወጣ ጋሽ ሰይድም አብረውኝ ተሳፈሩ። «እኔ በሌለሁበት እሳት አታነድባትም» አሉ።

ቅዳሜ ግቢው በወላጅ ተሞላ። ከኋላዋ በተቀጠለው ጋሪ ላይ አራት ልጆች አስቀመጥን። እንፋሎቱን ለቀቅኩ። መንኮራኩሮቹ በኃይል ዞሩ፤ ባቡሯ ግን እዚያው ቆማ ሐዲዱን ትፍቅ ጀመር።

«ባቡሩስ ተተክሏል፤ እህሉ የታለ?» አለ አንድ ከደሴ ዙሪያ የመጣ ገበሬ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ርእሰ መምህሩ አጠገቤ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቁልፉን ይዘኸዋል?» አሉኝ።

ተንበርክኬ አየሁ። ድንጋዮቹ ሲወርዱ ባቡሯ ቀልላለች፤ መንኮራኩሮቹ ሐዲዱን የሚጨብጡበት ክብደት የለም። ይህንኑ ለርእሰ መምህሩ ማስረዳት ስጀምር ጋሽ ሰይድ አቋረጡኝ።

«መምህር፣ ትምህርቱ ይቆየን። ከባድ ነገር ነው የጎደላት።» ዙሪያውን ቃኙና ዓይናቸው ሰፊ ሰውነት ባላቸው ርእሰ መምህር ላይ አረፈ። «ጌታዬ፣ እስቲ እርስዎ ይቀመጡባት።»

ርእሰ መምህሩ ወላጆቹን አዩ። ሁሉም ይጠብቃቸዋል። የኮታቸውን ጫፍ ሰብሰብ አድርገው ከመንኮራኩሮቹ በላይ ባለው ጣውላ ላይ ተቀመጡ።

እንፋሎቱን እንደገና ለቀቅኩ። ባቡሯ አንዴ ተነቃነቀችና ሐዲዱን ጨበጠች። ከዚያ ርእሰ መምህሩንና አራቱን ልጆች ይዛ፣ ከሰው እርምጃ በዘገየ ፍጥነት፣ ሠላሳዋን እርምጃ ጨረሰች። ልጆቹ ጮኹ፣ እናቶች እልል አሉ።

ርእሰ መምህሩ ጥላሸቱን ከሱሪያቸው እያራገፉ ወረዱ። «ወደኋላስ እንዴት ነው የምትመለሰው?»

«አትመለስም፤ ለሱ ጊዜ አልደረሰልንም» አልኩ።

«እንግዲያው ቁልፉ አንተ ጋ ይቆይ። መመለሻ ሥራላት።»

ከሰዓቱን ሙሉ ወደኋላ በእጃችን እየገፋን ወላጆችን አመላለስን። ርእሰ መምህሩ ያለ እሳቸው እንደማትሄድ ስላወቁ ሰባት ጊዜ ተቀመጡ።

ጋሽ ሰይድን ይቅርታ የጠየቅኳቸው ወደ ኮምቦልቻ ሲሳፈሩ ነው። «የሚጮህ ሰው ቢያንስ ሥራው ላይ አይተኛም» አሉና ሳቁ። እኔን ግን ዛሬም ያሳፍረኛል። ተማሪዎቼ በዚያች ክፍል ይሠራሉ፤ እኔም በየወሩ አንድ ቅዳሜ ወደ ጋሽ ሰይድ እወርዳለሁ። የመመለሻው ማርሽ ጥርስ እስካሁን ሁለት ጊዜ ተሰብሮብናል። ሦስተኛውን ባለፈው ሳምንት ጀምረናል።