ትንሹ ሞተር

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ዳገቱ ላይ ማቃሰት ሲጀምር የናፍጣው ሽታ ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ። የአባቴ መኪና ሞተር ተቃጥሎ፣ ያገለገለ ልንገዛ ከመካነ ሰላም ደሴ ሄደን ነበር። መካኒኩ ካሳየን ሁለት ሞተሮች ትልቁን መታ መታ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የእናንተን ዳገት የሚችለው ይሄ ነው» አለ። እኔም ልቤ ትልቁ ላይ ቀረ። አባቴ ግን ብዙ ዳበሰውና፣ «ይሄን ከገዛሁ ዘይነባ ሌላ ዓመት ልትቆይ ነው» ብሎ ትንሹን አስጫነ። ዘይነባ እህቴ ናት፤ ያኔ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ገንዘብ የምትልክልን እሷ ነበረች። ሞተርና እሷን ምን አገናኛቸው ብዬ አኩርፌ ተመለስኩ። ለአረፋ ዘይነባ ከጅዳ ስትመለስ፣ በትንሹ ሞተር ዳገቱ ላይ በምታቃስተው በዚያችው መኪና ይዘናት ቤት ገባን።

አሁን ተሳፋሪው ሁሉ ሹፌሩን ያማርራል። ዘይነባ ግን አጠገቤ እንደተቀመጠች፣ «አብሽሩ፣ ይደርሳል» ትላቸዋለች።