ለላሟ የቀበርነው አገዳ

አምና በመስከረም ከሞጣ ቢቸና የሄድኩት የአክስቴ ላም እንዳትሸጥ ብዬ ነው።

አክስቴ የምትተዳደረው በአንዲት የተዳቀለች ላም ወተት ነው። በየዓመቱ የካቲት ሲያልፍ ድርቆሹ ያልቅና ላሟ ትነጥፋለች። የአክስቴ ባል ታክቷቸው ነበር። «ዘንድሮ አጥንቷን ሳይ አልከርምም» ብለው፣ ወደ ከብት ገበያ የሚነዷት አዲስ ገመድ ገዝተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉ።

ሞጣ በተከራየሁበት ግቢ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች የመኖ ባለሙያ አለች። ነገሩን ስነግራት ገፈራ ስለሚባለው የከብት መኖ አስረዳችኝ። እሸቱ ከተሸጠ በኋላ የሚጣለው የበቆሎ አገዳ በእርጥቡ ተከትፎ፣ አየር እንዳይቀርበት ጉድጓድ ውስጥ ተረግጦ ይታሸጋል። ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ደግሞ እንዳይበሰብስ ይጠብቀዋል።

«ወተቱን እርጎ የሚያደርገውም እሱው ነው» አለችኝ። «በመጨረሻ ባክቴሪያዎቹም በሠሩት ኮምጣጣ ይቆማሉ።»

ይህችኛዋ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኔ ጀምሮ መተው እንጂ በልክ ማቆም አላውቅበትም። የምሞክራቸው ግጥሞች ወይ ሳይበስሉ ይቀራሉ፣ ወይ ስነካካቸው ይበላሻሉ።

አስቀድሜ በስልክ ነግሬያቸው ስለነበር ቢቸና ስደርስ ጉድጓዱ ተቆፍሮ አገኘሁት። የአክስቴ ባል ከዚያም አልፈው አገዳውን አጭደው ደጅ ላይ ፀሐይ አስጥተውታል። ግማሹ ወረቀት መስሎ ሲነካ ይንኮሻኮሻል።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ በእርጥቡ ነው የሚገባው» አልኳቸው።

«እርጥብ ነገር ጉድጓድ ይገባል? እህል እንኳ ደርቆ ነው የሚገባ።»

«እህል አይደለማ» አለች አክስቴ። «ኧረ አንቱ፣ ይኸ እንዲኮመጥጥ ነው የተፈለገ።»

«ኮምጥጦ ላሟን ቢያሰክራትስ?»

«ብትሰክርም ከአንቱ አትብስ።»

እሳቸውም ሳቁ። ግን ከሐሳባቸው ንቅንቅ አላሉም። ደግሞ እንዴት ይነቃነቁ? የሚያውቁት ጉድጓድ የእህል ጉድጓድ ነው፤ እዚያ እርጥበት የገባ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ ረሃብ ነው። ላሟ እንድትሸጥ ቢፈልጉም አገዳውን ያሰጡት ለተንኮል አልነበረም፤ እንዳይበላሽብን ሰግተው ነው።

በመጨረሻ «ሁለቱም ይግባና ይታይ» ተባለ። የደረቀውን በአንድ ጫፍ፣ በማግስቱ ያጨድነውን እርጥብ በሌላው ጫፍ ጨመርን። ባለሙያዋ እንደነገረችኝ ሞላሰስ፣ ያን ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፈውን ጥቁር ዝልግልግ፣ በውኃ በጥብጠን ረጨንበት። እሳቸው ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡና እንደ ጭቃ አቦኪ ረገጡት። ፕላስቲክ አለበስነው፤ አፈር ጫንንበት።

ሞጣ ተመልሼ በየጊዜው እየደወልኩ «እንዳትከፍቱት» እላለሁ። አክስቴ ትስቃለች። «አንተ ነህ እንጂ የምትቁነጠነጥ፣ እኛማ ረስተነዋል።» እውነቷን ነው። እኔ ብሆን ሦስቴ ከፍቼው ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሄጄ ከፈትነው። በደረቁ ጫፍ ነጭ ሻጋታ ድር አድርቶ፣ ሽታው እንደ አሮጌ ምድር ቤት ነው። የአክስቴ ባል አዩትና በአካፋ እየዛቁ ያወጡት ጀመር። ወደ መሐል ሲደርሱ መልኩ ተለወጠ፤ የወይራ ቅጠል ወደ ቢጫ ሲሄድ የሚመስል ሆነ። ሽታው አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ግን ጣፋጭ። አንዷን ቁራጭ አፋቸው ከተቱና አኘኩ።

«ምን ይላል?» አለች አክስቴ።

«እርጎ እርጎ ይላል» አሉ፣ ቅር እንዳላቸው።

ላሟ ግን አሽትታ ፊቷን አዞረች። አክስቴ ድርቆሹ ላይ ጥቂት ደባልቃ ብትሰጣትም ድርቆሹን ብቻ እየመረጠች በላች። ገመዱ ያለበትን ግድግዳ ላለማየት እየጣርኩ ተኛሁ።

ጠዋት ስወጣ ግርግሙ ተልሶ ባዶ ነው። የአክስቴ ባል ጉድጓዱ ዘንድ ጎንበስ ብለው የፕላስቲኩን አፍ ያስራሉ፤ የሚያስሩበትም ያ አዲሱ ገመድ ነው።

«ጥብቅ አርገህ ያዝልኝ» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ግማሹን ያበላሸሁ እኔ ነኝ፤ የቀረው አየር አይግባው።»

«እስከ ፋሲካ ያደርሳታል?» አልኳቸው።

«ካላደረሳትም ጭድ ሸምቼ አደርሳታለሁ። ለከርሞ ግን አገዳውን ፀሐይ አላሳየውም።»