ናቲ ያላጠበው ዋንጫ

የእርጥብ ጭቃ፣ የላብና የሚንት ቅባት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከኮሪደሩ ቁም ሳጥን ጃንጥላ ስፈልግ የወንድሜን የራግቢ ቦርሳ ነካሁት፤ ዚፑ ትንሽ ተከፍቶ ስለነበር ሽታው ወጥቶ ፊቴን መታኝ። እዚያው ቆምኩ። የመጣብኝ ልቅሶ አልነበረም፣ ንዴት ነበር። ወንድሜ ናትናኤል፣ እኛ ናቲ የምንለው፣ ከሞተ ስምንት ወሩ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። በሚሠራበት መጋዘን ጠዋት ሥራ እንደ ጀመረ ልቡ ቆመ። በቃ። እንዴት እንደምጽፈው በደንብ አላውቅም፣ ግን ሌሎች ስለ እሱ ውሸት ጽፈዋልና እኔም መጻፍ አለብኝ።

ልጅ ሳለሁ ያ ሽታ የፀደይ ሽታ ነበር። ስቶክሆልም ዳር ባለው ፊቲያ ሰፈር፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ እናቴ፣ ናቲና እኔ እንኖር ነበር። በረዶው ቀልጦ ሜዳው ጭቃ ሲሆን ናቲ ልምምድ ይጀምርና፣ ጭቃ የጠጣ ማልያውን ይዞ መጥቶ፣ እናቴ ሳታየው በመኝታ ክፍላችን ማሞቂያ ላይ ያሰጣው ነበር። የሕንፃው ልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋው፣ በተራ ስለነበር ቀናችን እስኪደርስ ማልያው ደርቆ እንደ ካርቶን ይቆም ነበር። አንድ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አፈር ትተን በመሄዳችን ጎረቤት የተቆጣ ወረቀት በራችን ላይ ለጠፈ። እናቴ ወረቀቱን አንብባ ናቲን አየችውና፣ «ኳሱን ነው የምትጫወቱት ወይስ መሬቱን?» አለችው።

እናቴ በሄምቸንስት ነው የምትሠራው፣ የሽማግሌዎችን ቤት እየዞረች ታጸዳለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸዳ ውላ መጥታ የኛን ደግሞ እንደ አዲስ ትጀምረው ነበር። ቆሻሻ ያለበትን ነገር አይታ ማለፍ አትችልም ነበር። ይህን የምጽፈው ልወቅሳት አይደለም። ምናልባት ትንሽ ልወቅሳትም ይሆናል።

በጋ ሲመጣ ናቲ ከሐይቁ ዳር ባለው ሣር ላይ ኳስ ያቀብለኝ ነበር። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሱ አሥራ ስምንት። በራግቢ ኳስ በእጅ የሚሰጠው ወደ ኋላ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ ወደ ፊት እወረውር ነበር። እርስ በርሳችን በስዊድንኛ ነበር የምናወራው፣ ሲቆጣኝ ብቻ ወደ አማርኛ ይዞር ነበር። «ወደ ኋላ አልኩህ እኮ፣ ሚኪ! ወደ ፊት የምትሄደው አንተ ነህ፣ ኳሱ አይደለም!» ሲደክመን ሣሩ ላይ ጋደም ብለን ስለ ዋንጫው ይነግረኝ ነበር። የስቶክሆልምና የአካባቢው ክለቦች በየዓመቱ የሚጫወቱበት፣ ጋዜጣ የማይጽፈው፣ ትንሽ ዋንጫ ነው። ከእናታችን ዕድሜ በላይ ነው። ያሸነፉት ክለቦችና አምበሎቻቸው ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በብሩ ላይ ተቀርጸው ነበር፤ ናቲም ሌሎች ልጆች በቤተ ክርስቲያን የቃል ጥናት እንደሚሉት፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንድ በአንድ በቅደም ተከተል ይላቸው ነበር። እኔንም አስጠናኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ዛሬም አውቃቸዋለሁ።

በዚያ ዓመት መከር የናቲ ክለብ ፍጻሜ ደርሶ አሸነፈ። ዝናብ ነበር፣ ማን የማን እንደሆነ በማልያ መለየት አይቻልም ነበር፣ ናቲ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ እየሳቀ ሲሮጥ አስታውሳለሁ። በዋንጫው ቢራ ሞልተው በዙር ጠጡ፤ የናቲ ተራ ሲደርስ ለስላሳ ቀዱለት፣ ቤታችን ጴንጤ መሆኑን ያውቁ ነበር። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ዋንጫው በየተጫዋቹ ቤት አንዳንድ ሳምንት ያድር ነበር። የቆየ ልማዳቸው ነበር፤ ቤተሰብም ጎረቤትም ያየው ዘንድ።

የኛ ሳምንት ጥር ላይ ደረሰ። ናቲ ዋንጫውን በጃኬቱ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ በምድር ውስጥ ባቡር አመጣው፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስቀመጠው። ቅዳሜ ግን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ለጸሎት እኛ ቤት ይመጡ ነበር። ናቲ ሥራ ሄዶ ሳለ እናቴ ዋንጫውን አንስታ አሸተተችው።

«ቢራ ቢራ ይላል! ወንጌላዊው መጥተው እዚህ ሊቀመጡ ነው? ደግሞ ጥቁረቱን እየው! ይህን ያህል ዓመት አንድ ሰው እንኳ አላጠበውም?»

መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ አስቀመጠችው፣ በረኪና አፈሰሰችበት፣ የድስት ሽቦ ይዛ እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። እኔ እንዳይንሸራተት እጀታውን ያዝኩላት። ስትፈትገው ጥቁሩ ለቀቀ፣ ከዚያ ነጩም ለቀቀ፣ ከሥር ቢጫ ብቅ አለ።

«ወይኔ ሚኪ! ከሥሩ ወርቅ ነው!» ብላ ጮኸች። «እነዚህ ሰዎች ምን እንደያዙ እንኳ አያውቁም!»

ወርቅ አልነበረም። በላዩ የተለበጠው ብር ተፍቆ ነሐሱ ነው የታየው። እኔ ስሞቹ ሲሳሱ አይቻለሁ። የመጀመሪያው ሲጠፋ፣ ሁለተኛው ሲጠፋ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ነበርኩ፣ በቃሌም አውቃቸው ነበር። እሷ ግን በጣም ደስ ብሏት ነበር። እጀታውን እንደያዝኩ ዝም አልኩ።

ናቲ ሲመጣ ዋንጫው ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ላይ እየበራ ጠበቀው። ቀርቦ አየው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የጠፉትን እየቆጠረ ነበር።

«ምነው? አላማረም?» አለችው።

«አምሯል፣ እማዬ። ደስ ይላቸዋል።»

ከዚያ ወደ ክፍላችን ጠርቶኝ በሩን ዘጋ። «አንተም እዚያ ነበርክ?» አለኝ። እጀታውን ይዤ ነበር አልኩት። «አልነበርክም። ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሷ ላይ እንዲስቁ አልፈልግም። ገባህ?» ገባኝ አልኩ። ምኑም አልገባኝም ነበር።

እሁድ አብሬው ክለቡ ሄድኩ። የዋንጫው ጠባቂ ላርስ የሚባል ጡረተኛ ነበር፤ መነጽሩን አድርጎ ዋንጫውን አገላብጦ አየው።

«ማነው ይህን ያደረገው?»

«እኔ» አለ ናቲ።

«በምን?»

«በድስት ሽቦ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንድ ቀይ ጺም ያለው ተጫዋች፣ «እናንተ አገር ብር የሚታጠበው በድንጋይ ነው እንዴ?» አለ። ናቲም አብሯቸው ሳቀ። ሰዎቹን ይቅር ብያቸው ይሆናል፤ ያን የናቲን ሳቅ ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም። ላርስ አልሳቀም። ወረቀት አውጥቶ የጠፉትን ስሞች የሚያስታውስ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ማንም አልነበረም፣ ከናቲ በቀር። ቆሞ ሁሉንም አንድ በአንድ በቃሉ አስጻፈው። በሚቀጥለው ዓመት የዋንጫ ጨዋታ አላሰለፉትም። ዋንጫው በየቤቱ መዞሩ ቀረ፣ መስታወት ውስጥ ተቆለፈበት። ለናቲም ስም ወጣለት፣ «ስቶልኡል» አሉት፣ የድስት ሽቦ ማለት ነው።

ቤት ስንገባ እናቴ በሩ ላይ ጠበቀችን። «ምን አሉ?»

«በጣም አመሰገኑሽ» አለ ናቲ።

ለዓመታት ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ስታወራው እሰማ ነበር። «የስዊድኖቹን ዋንጫ ወርቅ ያወጣሁት እኔ ነኝ» ትል ነበር። ናቲ ፈገግ ይል ነበር። እኔ ከክፍሉ እወጣ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ክለቡ የአበባ ጉንጉን ይዞ መጣ፤ ሪባኑ ላይ ከስሙ ቀጥሎ «ስቶልኡል» ተጽፎ ነበር። በፍቅር ነው የጻፉት፣ ያለቀሱም ነበሩ፣ እኔ ግን ሪባኑን መቅደድ ነበር ያማረኝ። እናቴ ቃሉን በጣቷ እየጠቆመች «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ጠንካራ ማለት ነው» አልኳት። ላርስ እጄን ጨብጦ የዋንጫውን ታሪክ የጻፈባትን ትንሽ መጽሔት ሰጠኝ። «ወንድምህ እዚህ ውስጥ አለ» አለኝ። አዎ፣ አለ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ናቲ ያስጻፋቸው ስሞች ተደርድረዋል፣ ከማን እንደተገኙ ግን አልተጻፈም። አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ተጫዋች ቸልተኝነት የቀድሞዎቹ ስሞች ከዋንጫው ላይ በመጥፋታቸው በየቤቱ የማዞር ልማድ ቀረ።» ይኸው ነው የወንድሜ ታሪክ። ለእናቴ እንዴት ላሳያት? እውነቱን ብናገር ናቲ ዕድሜውን ሙሉ የደበቀላትን ነው የማወጣባት። መጽሔቷን ቦርሳው ውስጥ ደበቅኳት፣ ቦርሳውን ማንም ስለማይነካው።

ባለፈው ሳምንት ዚፑ ተከፍቶ ሳገኘው መጽሔቷ አልነበረችም። እናቴ ወጥ ቤት መነጽሯን አድርጋ ተቀምጣለች፣ መጽሔቷ ጠረጴዛው ላይ ናት።

«ልብሱን ላጥብ ብዬ ነው የከፈትኩት» አለች። «ይህ 'አንድ ተጫዋች' የሚሉት ማነው?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ስቶልኡል ጠንካራ ማለት ነው ያልከኝ አንተ ነህ አይደል? በየሳምንቱ ከሱቅ የምገዛውን ዕቃ ስም የማላውቅ መሰለህ? ለልጄ የድስት ሽቦ ብለው አበባ አመጡ ብዬ ስምንት ወር ተቃጠልኩ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።»

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። «ፍጻሜው መቼ ነው?» ብቻ አለች።

ቅዳሜ ጥቁር ሹራቧን ለብሳ አብራኝ ሄደች። ከጨዋታው በፊት ለናቲ አንድ ደቂቃ ዝም አሉለት። እንዳበቃ ሜዳው ዳር ወደ ቆመው ወደ ላርስ ሄዳ መጽሔቷን በገጹ ከፍታ ሰጠችው፣ በራሷ ስዊድንኛ ተናገረች።

«ይህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። እሱ አይደለም።»

ላርስ ገጹን አየው። «እኔ ነኝ ብሎን ነበር» አለ።

«ልጄ ነው። ምን ይበል?»

«ያን ጊዜም ጠርጥሬ ነበር» አለ ላርስ ቀስ ብሎ።

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ለምን ጻፍከው? ስሞቹን ያስጻፈህ እሱ ነው፣ እሱንስ ለምን አልጻፍክም?» ብዬ ጮህኩበት። ሰው ዞሮ አየን፣ ያ ቀይ ጺሙ አሁን የሸበተው ተጫዋችም ነበረበት። ማንም አልሳቀም።

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ። «አንተ ዝም በል፣ አንተም ዋሽተኸኛል» አለችኝ በአማርኛ። ከዚያ ወደ ላርስ ዞራ፣ «እኔን ጻፈኝ» አለችው። «ዘነበች በል። የናትናኤል እናት።»

ላርስ እርሳስ አውጥቶ «አንድ ተጫዋች» የሚለውን ሰርዞ በኅዳጉ ላይ ጻፈ። ከዚያ ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ ከስሞቹ ሥር የናቲን ስም ጻፈ። እንደገና ሲታተም እንደዚሁ ይሆናል አለ። ሳየው አምናለሁ።

ንዴቴ አልበረደም። ላርስ ላይ አለ፣ ናቲም ላይ አለ፣ ሁላችንን ትቶ ብቻውን ስለተሸከመው፣ ከዚያም ስለሄደ። ያን ጊዜ ዋንጫው ቴሌቪዥናችን አጠገብ ይቀመጥ ነበር፣ ቤታችን ሦስት ነበርን። ዛሬ ዋንጫው ተቆልፎበታል፣ እኛም ሁለት ነን። ማታ ቤት ስንመለስ እናቴ የናቲን ማልያ ከቦርሳው ልታወጣ ጎንበስ ስትል፣ «ተይው እማዬ፣ አይታጠብ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እሺ» ብላ ዚፑን ዘጋችው። ለካ እንዲህ ቀላል ነበር። ያን ቀን እጀታውን ይዤ ሳለሁ ብነግራት እሺ ትለኝ ነበር።