በካምፓላ የደረስነው ለቅሶ

ሰሞኑን ሰቆጣ መናኸሪያ፣ ወደ አምደወርቅ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት በስልኩ ከሚያየው ቪዲዮ ውስጥ አንዲት ወፍ «ዋአአ! ዋአአአ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁና ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዘንቢላቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። እንዲህ የምትጮኽ ወፍ የማውቀው ካምፓላ ነው፤ በልጅነቴ፣ አባቴ እዚያ ጋራዥ ሥራ አግኝቶ እናቴንና እኔን ከሰቆጣ ባስመጣን ጊዜ።

እናቴ ካምፓላን የጠላቻት በጆሮዋ ነው። የሞተር ብስክሌቶቹ ጡሩምባ፣ በድምፅ ማጉያ የሚሰብከው ሰውዬ፣ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣው የኳስ ጩኸት፣ ቆርቆሮው ላይ እንደ ጠጠር የሚወርደው ዝናብ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ሲንጫጫ ውሎ ለእሷ የሚሆን አንዲት ቃል አይወጣውም። ከሁሉም የከበዳት ግን ሌላ ነበር። «እዚህ ብሞት ማን ያለቅስልኛል?» እያለች ሻንጣዋን ሳትፈታ ሰነበተች፤ አባቴም ሲጨንቀው ሊመልሰን ቃል ገባ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ አባቴ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ ከጓሮ ያ ጩኸት ተነሣ። እናቴ ሊጥ የነካ እጇን እንኳ ሳትታጠብ ብድግ አለች። እኛ አገር በጠዋት እንዲህ ያለ እሪታ ከተሰማ ሰው ሞቷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ከማዶ ሁለተኛዋ ወፍ ስትመልስ «ይኸው እኅትየዋም ሰማች» አለችና፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እኔን እየጎተተች ወጣች። ጎረቤታችን ናካቶ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ እንባዋ በጉንጮቿ ይወርዳል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? እናቴ አጠገቧ ዘፍ ብላ ደረቷን እየመታች በአማርኛ አለቀሰች፤ ናካቶ ቢላዋዋን እንደያዘች አፍጥጣ ስታያት ጊዜ፣ ይኼኛው ይገባት ይሆናል ብላ መሰለኝ፣ በኽምጥኛ ቀጠለች።

ናካቶ ቢላዋዋን አስቀመጠች። ይህች እንግዳ ሴት ሰው ሞቶባታል ብላ ጎረቤቱን ተጣራች፤ ሴቶቹም እየተጠራሩ መጥተው፣ እናቴን እያቀፉ «ኪታሎ፣ ኪታሎ» ይሏት ጀመር። በቋንቋቸው «ምን ዓይነት መከራ ነው» እንደማለት ነው። እናቴ ግን የሟቹ ስም መሰላትና «ወይኔ ኪታሎ፣ ወይኔ የናካቶ ጋሻ!» እያለች በስሙ ሙሾ ታወርድለት ገባች፤ ቁመናውን አሞገሰች፣ እርሻውን አሞገሰች፣ በቅሎውን ሳይቀር። ሴቶቹ ደግፈው እቤታችን አስገቧት፣ ሙዝ በቅጠል ጠቅልለው ቀቀሉ፣ ግቢው ሞላ።

አባቴ ለምሳ ብቅ ሲል ደጁ ሁሉ ሴት ነው። ማን እንደሞተ ሳይጠይቅ የመፍቻ ሣጥኑን ጥሎ «ልጄን!» ብሎ ጮኸ። እኔ ሙዝ ጎርሼ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። ሲያየኝ «ሚስቴን!» ብሎ ቀጠለ።

«ቀስ በል እንጂ፣ የሞተው ኪታሎ ነው!» አለችው እናቴ ከመሃል ብቅ ብላ።

«ኪታሎ ደግሞ ማነው?»

«የናካቶ ወንድም ነዋ!»

ይኼኔ ወፏ ከዛፉ ላይ «ዋአአ!» አለች። እናቴ ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ ናካቶን፣ ከዚያ በናካቶ ደጃፍ የቀረውን ሽንኩርት። አባቴ ነገሩን ከእናቴ ሰምቶ በቋንቋቸው ሲያስረዳ ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው ሳቁ፤ ናካቶማ መሬት ላይ ተንከባለለች። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል፤ ትስቅ ይሁን ታለቅስ ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። ያን ዕለት ሻንጣዋን ፈታች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሴቶች አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ በኽምጥኛ አንዷ በሉጋንዳ፣ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሰቆጣ ተመለስን። አባቴ ሲያርፍ ድንኳኑ ሞላ፤ ከሩቁ ሰሃላ ሳይቀር ዘመድ በእግሩ መጣ። እናቴ ግን የሚገቡትን ሴቶች ፊት አንድ በአንድ ታያለች። ማንን እንደምትፈልግ ጠየቅኋት።

«ሰው ሁሉ መጥቷል» አለችኝ፤ «አንዲት ሴት ግን ቀረችብኝ።»

አሁን እናቴም የለችም። ያረፈች ዕለት፣ የሚገቡትን ፊቶች የማየት ተራ የኔ ሆነ።