የቆረብሁ ዕለት ያልተሻገርሁት ወንዝ

በጣሊያን ጊዜ የሉተራን ትምህርት ቤታችን ከመተማ ወንዝ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ተሰዶ ነበር። አንድ ጠዋት ቄስም የሆኑት መምህራችን መተማ መጥተው አቆረቡንና ለከሰዓቱ ፈተና ቀድመውን ተሻገሩ። ኦርቶዶክሷ አክስቴ ቁርባናችንን «የእናንተ ዳቦ» ነበር የሚሉት። ወንዙ ዳር ያዙኝ።

«ዳቦው ተለወጠ?»

«አልተለወጠም እትዬ። ዳቦም ነው፤ እውነተኛ ሥጋውም ነው።»

«ሥጋው ከሆነማ የቆረበ ወንዝ አይሻገርም። ወይስ ዋሸሽኝ?»

ውሃው ከቁርጭምጭሚት አያልፍም፤ ቢሆንም እዚያው ቆምሁ። ከሰዓት ሲሆን መምህሩ የፈተናውን ጥያቄ ከማዶ ጮኸው ጠየቁኝ፦

«ክርስቶስ የት ነው?»

«በኅብስቱ ውስጥ፣ ከኅብስቱ ጋር...» ብዬ ስጮህ አክስቴ ክንዴን ያዙ።

«ቀስ በዪ! የቆረበ ሰው አይጮህም።»

«ከኅብስቱም በታች» የሚለውን በሹክሹክታ ጨረስሁ። መምህሩ ለሰሙት ያህል ነጥብ ሰጡኝ፤ አልበቃኝምና ወደቅሁ። አክስቴ ግን ከዚያ ወዲያ «ዳቦ» አላሉም።